ሾፌሩ እንዴት ሞተ?

የሳምንቱ ንባብ፦ ዘዳግም 21፥1-9፤ 1ኛ ነገሥት 21

ባለፈው ሳምንት ይህ ወረቀት ስላልወጣ ይቅርታ፤ የፎቶ ኮፒው ቀለም አልቆ ነበር። ዛሬም ፊደሉ የደበዘዘባችሁ ካላችሁ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች አጠገባችሁ ካሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ እነሱም ሊሰሙት የሚገባ ነገር ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ጋዜጠኛ አሟሟት ነው። ስሙን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። የነገሩኝ ከእኛ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚያመልኩት የቡሩንዲ ወገኖች ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሙዜ የምንላቸው። ሙዜ በአገራቸው አስተማሪ ነበሩ፣ ፈረንሳይኛ ያነባሉ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እሳቸው ከስልካቸው እያነበቡ በስዋሂሊ ይነግሩኛል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እንዲህ እያደረግን የራሽን ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን ዋልን። ለምን ይህን ያህል እንደሚከታተሉት ስጠይቃቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። ቆይተው ግን፣ በአገራቸው ኢዋቹ ለሚባል ጋዜጣ ይሠራ የነበረ ዣን ቢጊሪማና የሚባል ጋዜጠኛ በ2016 ጁላይ ወር ከቤቱ እንደወጣ እንደቀረ ነገሩኝ። (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው፤ ካርዳችንም በእሱ ስለሆነ።) የራስህ ሰው ወጥቶ ሲቀር የሌላውንም ሰው ትጠይቃለህ አሉኝ።

ጋዜጠኛው ኖርበርት ዞንጎ ይባላል። አገሩ ቡርኪና ፋሶ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ያለች፣ ባሕር የሌላት፣ ብዙው መሬቷ እንደዚህኛው ደረቅ የሆነ አገር። በ1993 ላንዴፓንዳን የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ፤ ነፃው እንደ ማለት ነው። እዚያ ላይ ባለሥልጣን የሕዝብ ገንዘብ ሲበላ ይጽፋል፣ ጉልበተኛ ደካማውን ሲያጠቃ ይጽፋል።

አገሪቱን የሚገዙት ብሌዝ ኮምፓዎሬ ነበሩ። ሥልጣን የያዙት በ1987 ነው፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ቶማስ ሳንካራ በጥይት በተገደሉበት ቀን። በሳንካራ የሞት ወረቀት ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? የተፈጥሮ ሞት። በጥይት የተደበደበ ሰው! ሙዜ ይህን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ አሳፈረኝ። ወረቀት ምን ያህል እንደሚዋሽ እኛ ስደተኞች እናውቃለን፤ በወረቀት ነው የምንኖረው።

ፕሬዚዳንቱ ፍራንሷ የሚባል ወንድም አላቸው። ፍራንሷ ደግሞ ዳቪድ ዌድራኦጎ የሚባል ሾፌር ነበረው። ከቤት ገንዘብ ጠፋ ተባለና ሾፌሩ ተጠረጠረ። እሺ፣ ሌባ ነው እንበል፤ ሌባ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚወሰደው። እሱን ግን የፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ወታደሮች ወሰዱት፣ አሠቃዩት፣ በጃንዋሪ 1998 እጃቸው ላይ ሞተ።

እንግዲህ ሾፌር ነው። ስለ ሾፌር ማን ይጠይቃል? ሚኒስትር ቢሆን ዘመድ አለው፣ ነጋዴ ቢሆን ገንዘብ አለው። ሾፌር በር ከፍቶ በር የሚዘጋ ሰው ነው፤ ነገ ሌላ ሾፌር ይቀጠራል። ዞንጎ ግን ጠየቀ። ሾፌሩ እንዴት ሞተ? ማን ገደለው? ለምን ማንም አይጠየቅም? አንድ ጊዜ ጠይቆ ቢተው ይረሳለት ነበር። እሱ ግን ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ያንኑ ይጽፋል። ማስፈራሪያ መጣበት፤ አልተወም።

ዲሴምበር 13 ቀን 1998 እሑድ ነበር። ከዋና ከተማው ከዋጋዱጉ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሳፑዊ በምትባል ከተማ አካባቢ መንገድ ላይ አንድ መኪና ተቃጥሎ ተገኘ። ውስጡ አራት ሰው ነበር፤ ዞንጎ ራሱ፣ ወንድሙ ኤርነስት፣ ብሌዝ ኢልቡዶ የሚባል አብሮት የነበረ ሰው፣ አራተኛው ደግሞ ሾፌሩ አብላሴ ኒኪየማ። ልብ በሉ፣ ስለ ሾፌር የጠየቀው ሰው ከሾፌር ጋር ተቃጠለ። ስለዚህኛውስ ሾፌር ማን ይጠይቅ?

መጀመሪያ የመኪና አደጋ ነው ተባለ። መኪናው ላይ ግን ጥይት ነበር። ሕዝቡ አላመነም። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ እናቶች ሳይቀሩ ዋጋዱጉ መንገድ ላይ ወጡ፤ ከበዛ በዛ ነበር የሚሉት። ሲበዛባቸው መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ጋዜጠኞችና የሰብዓዊ መብት ሰዎችም ገቡበት። በሜይ 1999 ውጤቱ ወጣ፦ ዞንጎ በአደጋ አልሞተም፤ ተገድሏል፤ የተገደለውም የሾፌሩን የዳቪድን ሞት ስለመረመረ ነው። ከፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎችም ስድስት ሰው በጽኑ ይጠረጠራሉ ተባለ። ያን ጊዜ ከስድስቱ የተከሰሰው አንድ ነበር። እሱም ቢሆን በ2006 ዋናው ምስክር ቃሉን ለወጠ ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ንባባችን ልግባ።

ዘዳግም 21ን ብዙ ሰው ዘልሎት ያልፋል፤ ስለ ጊደር ስለሆነ የድሮ ሥርዓት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሜዳ ላይ ተገድሎ ይገኛል፣ ገዳዩ አይታወቅም። የእኛ ነገር ቢሆን፣ ማን እንደገደለው አይታወቅም ከተባለ አለቀ፤ ነፍስ ይማር ብለን እንበታተናለን። እግዚአብሔር ግን በዚህ አያሳልፈውም። ሽማግሌዎችና ዳኞች ወደ ሬሳው ይምጡ ይላል። ከዚያም ይለኩ። ከሬሳው ተነሥተው በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ርቀቱን ይለካሉ። ቅርብ ሆና የተገኘችው ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር ይዘው ወደ ሸለቆ ይወርዳሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ገዳዩ እነሱ እንዳልሆኑ፣ ሲገደልም እንዳላዩ በእግዚአብሔር ፊት አፋቸውን ከፍተው ይናገራሉ።

እኔን የያዘኝ ያ መለካት ነው። እስቲ አስቡት፣ ትልልቅ ሽማግሌዎች፣ ነጭ ልብስ የለበሱ፣ በፀሐይ ገመድ እየጎተቱ ሜዳ ላይ ሲለኩ። ለማን ብለው? ስሙ እንኳ ለማይታወቅ ሰው። ሞተ የተባለው ሰው ንጉሥ ነው አይልም። ባለጠጋ ነው አይልም። ሰው ነው፤ በቃ። ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም፤ አንድ ከተማ ተነሥታ የእኔ ድርሻ ምን ያህል ነው ብላ ትጠይቅ ነው የሚለው።

አያቴ ስለ አውጫጭኝ ይነግረን ነበር። ዱሮ በአገራችን ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሥራ የለም፣ እርሻ የለም። ጥሩ ብቻ አልነበረም፤ ጠላቱን የሚያስበላበትም ነበር ይል ነበር አያቴ። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ አልሰማሁም አላየሁም ብሎ ቤቱ መሄድ የሚችል ሰው አልነበረም።

በቡርኪና ሽማግሌዎቹ ለመለካት ወጡ፤ ኮሚሽኑ ማለት ይህ ነው። ለክተው ሲጨርሱ ገመዱ የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ደረሰ። ገመዱ እዚያ ሲደርስ ነው እንግዲህ ፋይል የሚዘጋው።

የናቡቴንም ታሪክ በዚህ ዓይን አንብቡት። ታሪኩን ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ታውቁታላችሁ። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ፈለገ፣ ናቡቴ የአባቶቼ ርስት ነው ብሎ እንቢ አለ፣ ንጉሡ አልጋው ላይ ተኝቶ ፊቱን አዙሮ ምግብ አልበላም አለ፣ እንደ ልጅ። ሚስቱ ኤልዛቤል ተነሣች። እኛ ስንሰብክ ሁልጊዜ ኤልዛቤልን እንሰድባለን። ይገባታል። ግን ኤልዛቤል ድንጋይ አንሥታለች? አላነሣችም። ከተማዋም አልሄደችም። ደብዳቤ ጻፈች፣ የንጉሡን ማኅተም አተመችበት፣ ላከች። ለማን? ለከተማው ሽማግሌዎች። ናቡቴን ለሚያውቁት፣ ጎረቤቶቹ ለሆኑት፣ ምናልባት ልጁን ለዳሩለት ሰዎች።

ደብዳቤው ደግሞ ምን ይላል? ጾም አውጁ ይላል! እኔ ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም። የናቡቴ ግድያ የተጀመረው በጾም ነው። ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ ናቡቴን የክብር ቦታ አስቀመጡት፣ ሁለት የተገዙ ምስክሮች ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል አሉ፣ ወደ ውጭ አውጥተው ወገሩት። ሁሉም በሥርዓቱ። ደብዳቤ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ምስክር አለ፣ ቃለ ጉባኤም ሳይያዝ አይቀርም። ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ሰው ላኩ፣ ሞቷል ብለው ለኤልዛቤል አስታወቁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቆይ፣ ይህ ሰው ምን አደረገ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮስ? አንድ ሰው ብቻ? መጽሐፉ እንደዚያ ያለ ሰው አላገኘም። ስማቸውንም አልጻፈም። የአክዓብ ስም አለ፣ የናቡቴ ስም አለ፤ የሽማግሌዎቹ ስም የለም። ያን ያህል ፈርተው ያዳኑት ስማቸው ጠፍቶ ቀረ።

ጋዜጠኛ ምን ያደርጋል ብትሉኝ፣ ደግ ከሆነ፣ ያንን ያልተጠየቀውን ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄው ደግሞ አዲስ አይደለም። ቃየን ወንድሙን ገድሎ ከሜዳ ሲመለስ እግዚአብሔር ስለ እርሻው አልጠየቀውም፣ ስለ መሥዋዕቱም አልጠየቀውም። የጠየቀው ስለ ወንድሙ ነው፤ የት እንዳለ። ይህንን የሚጠይቅ ሰው፣ ጸሎት ቤት ባይሄድም እንኳ፣ የማንን ጥያቄ ይዞ እንደሚዞር አስቡበት። ዞንጎ ቅዱስ ነበር እያልኳችሁ አይደለም፤ እምነቱን አላውቅም፤ ጥያቄው ግን ከዘፍጥረት የመጣ ነው።

አንዳንዶቻችሁ አሁን፣ ወንጌላዊ ፖለቲካ ጀመረ ትላላችሁ። ስለ ሞተ ሰው መጠየቅ ፖለቲካ የሚሆነው ገዳዩ ባለሥልጣን ሲሆን ብቻ ነው። ሾፌሩን የገደለው ሌላ ሾፌር ቢሆን ኖሮ ማንም ፖለቲካ አይለውም ነበር። ለሹም ተገዙ የሚለውንም አውቃለሁ፤ ሮሜ 13 ላይ አለ። ኤልያስም አክዓብን ንጉሥ አይደለህም አላለውም። ሰው ገድለህ ደግሞ ርስቱን ልትወስድ ነው ወይ ነው ያለው። የጠየቀው ስለ ደሙ ነው።

የዞንጎ ነገር በ2006 አላለቀም። ቤተሰቦቹና የሰብዓዊ መብት ሰዎች የአገራቸው በር ሲዘጋባቸው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ጋ ሄዱ። ይህ ፍርድ ቤት ያለው እዚሁ ጎረቤት፣ ታንዛንያ አሩሻ ውስጥ ነው። ማርች 28 ቀን 2014 ፈረደ፦ የቡርኪና ፋሶ መንግሥት ገዳዮቹን በትጋት ፈልጎ ለፍርድ አላቀረበም፤ ጥፋተኛ ነው። ከተቃጠለው መኪና እስከዚያ ፍርድ አሥራ አምስት ዓመት አልፏል። በዓመቱም ካሳ ተወሰነ፤ ለሚስት 25 ሚሊዮን፣ ለልጅ ለልጁ 15 ሚሊዮን፣ ለአባትና ለእናት ለያንዳንዳቸው 10 ሚሊዮን በአገሩ ፍራንክ፣ ምርመራውም እንደገና ይከፈት ተባለ። ኮምፓዎሬ ደግሞ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በ2014 ኦክቶበር መጨረሻ ሕዝብ ተነሥቶባቸው ወደ ኮት ዲቯር ሸሹ። እሳቸውም ስደተኛ ሆኑ ማለት ነው፤ ራሽን ባይሰለፉም። ወንድማቸው ፍራንሷ በ2017 ፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዞ ነበር፤ እጄ የለበትም ይላል፤ ፈረንሳይም አሳልፋ አልሰጠችውም።

ስለዚህ ፍርዱ መጣ እንዳልል ገዳዩ አልተቀጣም። አልመጣም እንዳልል መንግሥት ተፈርዶበታል። እኔ ይህ ግማሽ ነገር ያስቸግረኛል። የናቡቴም እንደዚሁ ነው። አክዓብ የኤልያስን ቃል ሰምቶ ማቅ ለበሰ፣ እግዚአብሔርም ቅጣቱን ወደ ልጁ ዘመን አዘገየው። 2ኛ ነገሥት 9ን ብታነቡ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የአክዓብ ልጅ ሲሞት ሬሳው የተጣለው በዚያው በናቡቴ እርሻ ላይ ነው። እዚያው ላይ የናቡቴ ልጆችም አብረው እንደተገደሉ እግረ መንገዱን ይናገራል። ልጆቹም! ለናቡቴ ሚስት ይህ ፍርድ ምን ያህል ይጠቅማታል? አላውቅም። መልስ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። የማውቀው እግዚአብሔር ያንን እርሻ እንዳልረሳው ነው። ሰው ሁሉ ረስቶት የንጉሥ አትክልት ቦታ ሆኖ ሳለ፣ እሱ የናቡቴ እርሻ እያለ ነበር የሚጠራው።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቡርኪና ፋሶን ለማስተማር አይደለም። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ክፍል ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

እናቶቻችን ዝም አይነቅዝም ይሉናል። እዚህ ካምፕ ደግሞ ጎመን በጤና ነው የሁላችን ነገር። ኬዝ አለን፣ ኢንተርቪው እንጠብቃለን፣ ልጆች አሉን። ነቀዝ ምን እንደሆነ ግን እናውቃለን አይደል? ያን ጊዜ የመጣውን ማሽላ አስታውሱ። ከላይ ስታዩት ደህና ነው፤ ሲወቀጥ ነው ውስጡ ባዶ መሆኑ የሚታየው። ዝምታም ይነቅዛል። የኔ ነቅዟል።

ባለፈው ዓመት፣ ከዝናቡ በፊት፣ በእኛ ዞን አንድ ወጣት ደብዳቤ ጻፈ። የሞቱ ሰዎችና ወደ ሦስተኛ አገር የሄዱ ሰዎች ስም አሁንም ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ራሽንም እየተነሣበት ነው፣ ይጣራ ብሎ ነው የጻፈው። ማን እንደሚያነሣው አልጻፈም፤ ማንንም ሌባ አላለም። ከጻፋቸው ስሞች አንዱ የእናቱ ስም ነበር። እናቱን የቀበርናት እኛ ነን። መቃብሩ ላይ የጸለይኩት እኔ ነኝ፤ አፈሩን በእጄ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ከተቀበረች ስምንት ወር አልፏት በስሟ ዘይትና ዱቄት ይወጣ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። እኔም እንደ ቤተ ክርስቲያን ተወካይ ተጠራሁ። ወረቀት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ይህ ወጣት ሐሰት እያወራ ኅብረተሰቡን ይረብሻል፣ ከዞኑ ይነሣልን የሚል። ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ። የጸለይኩት እኔ ነኝ። ሰባት ሰው ፈረመ፤ አምስተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ማንም በትር አላነሣብኝም። አንድ ሰው ብቻ በጆሮዬ፣ ኢንተርቪውህ ደርሷል አይደል፣ አሁን ነገር ውስጥ ባትገባ ይሻላል አለኝ። ምክር ነበር። በመልካም ፊት ነው የተነገረኝ።

ልጁን ወደ ሩቁ ዞን፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ አዛወሩት። እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ። የእኔን ነገር ከዞንጎ ሞት ጋር እኩል ላደርገው አልፈልግም፤ እዚያ አራት ሰው ነው የተቃጠለው። ግን ሙዜ ስለ መኪናው ሲነግሩኝ፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ዘዳግም 21ን ሳነብ፣ ገመዱ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። የዚያች ከተማ ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው አላየንም ይላሉ። እኔ ግን አይቻለሁ። ቀብሬያታለሁ እኮ! ሞታለች ብሎ መመስከር ከማንም በፊት የሚገባው እኔን ነበር። ልጁ እናቴ ሞታለች ሲል፣ የቀበራት ወንጌላዊ ውሸቱን ነው ብሎ ፈረመ።

ሁላችሁም ተነሥታችሁ ጩኹ አልልም። ልጅ ያላት ብቸኛ እናት እንደ ኤልያስ ቤተ መንግሥት በር ላይ ቁሚ አልላትም። በአክዓብ ዘመን አብድዩ የሚባል ሰው ነበር፤ 1ኛ ነገሥት 18 ላይ ታገኙታላችሁ። በንጉሡ ቤት የሚሠራ፣ እንደ እኛ የሚፈራ። አደባባይ አልወጣም። ግን መቶ ነቢያት ሊገደሉ ሲፈለጉ ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ደበቀ፣ እንጀራና ውኃ አመላለሰላቸው። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ኤልያስን ሲያገኘውም ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈርቶም ቢሆን ግን የኤልዛቤልን ደብዳቤ አልፈረመም። ያን ያህል እንችላለን ብዬ አምናለሁ። ወረቀት ሲመጣ ምን እንደሚል ሳናነብ፣ የተከሰሰው ሰው ፊታችን ቀርቦ ሳንሰማው አንፈርምም ማለት ይቻላል። እስክሪብቶ የለኝም ማለት እንኳ ይቻላል። ለተገፋው ሰው ሻይ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ልጁ ሄድኩ። ቦዳ ቦዳ የሚከፈል ስላልነበረኝ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ከወንዙ ማዶ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሩ ላይ ሲያየኝ ደንገጥ አለ። "ወንጌላዊ፣ ይግቡ" አለኝ። ጀሪካን ገልብጦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አፈላ። ስኳር አልነበረውም፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ እኔን ስለ ስኳር ይቅርታ ይጠይቀኛል! ከዚያ እኔ የመጣሁበትን ተናገርኩ። በስብሰባው ምን እንደተጻፈ፣ እኔም እንደፈረምኩ። እሱ ያውቅ ነበር። ሁሉንም ስም ያውቅ ነበር።

ብዙ ዝም አለ። ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝም፣ አላልኩህምም አላለኝም። በመጨረሻ፣ "እናቴን የቀበሩበትን ቀን ያስታውሳሉ?" አለኝ። አስታውሳለሁ አልኩት፤ ቀኑንም ሰዓቱንም፣ ማን ማን እንደነበረም። ከፍራሹ ሥር የድሮውን ደብተር አወጣ፣ አንድ ንጹሕ ገጽ ገለጠልኝ። "ይጻፉት" አለኝ።

ጻፍኩት። በዚህ ቀን እኒህን እናት ቀብሬያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ልጃቸው ሐሰተኛ ነው በሚል ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፣ ፊርማዬን አነሣለሁ፣ እሱ ያለው እውነት ስለሆነ ይጣራ። የእጅ ጽሑፌ መጥፎ ስለሆነ እሱ ደግሞ በንጹሕ ገለበጠው። ይህን ወረቀት በምታነቡበት ሰዓት ደብዳቤው ቢሮ ገብቷል። ኢንተርቪዬ ሊዘገይ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ፤ አልቅሳ፣ ከዚያ የመቃብሩን ቀን እሷም እንደምታስታውስ ነገረችኝና ስሟን ከእኔ በታች ጻፈች። ከሰባታችን ሌላ አንዱን ጠይቄው ነበር። ላስብበት ብሎኛል።